ድምሩ ትክክል ነበር

በምሠራበት ጋራዥ የተረከብነው መኪና ለጀርመን ጦር አምቡላንስ ሆኖ ካገለገለ በኋላ የተሸጠ ዩኒሞግ 435 የተባለ የመርሴዲስ ከባድ መኪና ሲሆን፣ ባለቤቱ ቀድሞ ቁስለኞች ይጫኑበት የነበረውን የኋላ ክፍል አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ ያለው ማደሪያ አድርጎ ረጅም ጉዞ ሊሄድበት አስቦ ነበር። ባለ 6 ሲሊንደሩ የናፍጣ ሞተር ብዙም አላስቸገረንም። ዝገት መፋቅ፣ የደረቁ የፍሬን ቱቦዎችን መቀየርና የእንጨት ሥራው ግን ወራት ወሰዱ። የእኔ ድርሻ ኤሌክትሪኩ ነበር።

ይህ መኪና እንደ አብዛኞቹ ከባድ የጦር ተሽከርካሪዎች የሚሠራው በ24 ቮልት ነው። ባለ 12 ቮልት የሆኑ ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ይያያዛሉ፤ ማለትም የመጀመሪያው ኔጌቲቭ ከሻንሲው፣ ፖዘቲቩ ደግሞ ከሁለተኛው ኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል። ለአንድ ዓይነት ኃይል የቮልቱ መጠን እጥፍ ሲሆን በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ትልቅ ሞተር ለማስነሳት ይህ አሠራር በጣም ይጠቅማል። ባለቤቱ የገዛቸው መብራቶች፣ የውሃ ፓምፑና ማቀዝቀዣው ግን ሁሉም ባለ 12 ቮልት ነበሩ።

ዕቅዳችን ለማደሪያው ክፍል ራሱን የቻለ ባትሪ ተክለን ከ24 ወደ 12 ቮልት በሚቀንስ ቻርጀር እንዲሞላ ማድረግ ነበር። ቻርጀሩ ሳይደርስ ባለቤቱ የሙከራ ጉዞ ለማድረግ ስለፈለገ፣ እኔ ለጊዜው ብዬ ከሁለቱ ባትሪዎች መካከል ከመጀመሪያው ብቻ አንድ ሽቦ በፊውዝ አድርጌ ወደ ማደሪያው ዘረጋሁ። መብራቱ በራ፣ ፓምፑ ውሃ ሳበ፣ ማቀዝቀዣውም ሠራ። ከመረከቡ በፊት አለቃዬ ባትሪዎቹን ለክቼ እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ሞተሩ እየሠራ 28.3 ቮልት ማንበቤን ነገርኳቸው። ያነበብኩት እውነት ነበር፤ ለአንድ ባለ 24 ቮልት መኪናም ጤናማ ቁጥር ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መኪናው ሲመለስ ገና ክዳኑ ሳይነሳ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ተቀበለን። ሁለተኛው ባትሪ ጎኑ አብጦ ነበር፤ በውስጡ ያለው ውሃ ደግሞ ከእርሳስ ሰሌዳዎቹ በታች ወርዷል። ሞተሩ እየሠራ ቮልት መለኪያውን እንደ ልማዴ በሁለቱ ጫፎች ላይ ሳደርገው አሁንም 28.3 አሳየኝ። ዲናሞው ከሚገባው በላይ እየሰጠ ይሆናል ብዬ ስጠረጥር አለቃዬ መለኪያውን ከእጄ ወስደው፣ «ልጄ፣ አንድ ላይ አትለካቸው፤ ለየብቻ ነው እንጂ» አሉኝ። የመጀመሪያው 12.9፣ ሁለተኛው 15.4 ነበር።

የሆነውን የተረዳሁት እነዚያን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው ነው። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ የሚያደክመው አንዱን ባትሪ ብቻ ነበር። ዲናሞው ግን የሚያውቀው የሁለቱን ድምር እንጂ የእያንዳንዳቸውን ሁኔታ አይደለም። ስለዚህ የተራበው ባትሪ ቮልቱ ዝቅ ባለ ቁጥር፣ ጎድሎ የታየው ሁሉ በጠገበው ላይ ተጫነና ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን እየበተነ አፈላው። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። የዚህ መኪና ባትሪዎች በሻንሲው ጎን፣ ከማደሪያው ክፍል ውጭ ባለ ሳጥን ውስጥ መሆናቸው ጠቀመን። ብዙ ሰዎች ቦታ ለመቆጠብ ባትሪ በአልጋ ሥር ያስቀምጣሉ፤ የእኛም እዚያ ቢሆን ኖሮ ሰው በላዩ ይተኛ ነበር ብዬ ሳስብ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ለባለቤቱ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልሸፋፍን ነገርኩት፤ የባትሪዎቹንም ዋጋ ጋራዡ ሸፈነ። የመጀመሪያው ባትሪ አሁንም ሞተር ያስነሳ ስለነበር አንዱን ብቻ እንድንቀይር ሐሳብ ቢያቀርብም አልተስማማንም፤ አዲስና አሮጌ ባትሪ በተከታታይ ማያያዝ ያንኑ መዛነፍ ከሌላ አቅጣጫ መልሶ ያመጣዋልና። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ለወጥን፤ የዘረጋሁትን ሽቦ ከነፊውዙ ነቀልኩ፤ በመጨረሻ የደረሰውንም ቻርጀር ለማደሪያው በተተከለው ባትሪ ላይ አሰርኩ። ሞተሩን አስነስተን ስንለካ አንዱ 14.1፣ ሌላው 14.2 አነበበ።

መኪናው ሲወጣ በባትሪው ሳጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ አንድ ጽሑፍ ለጠፍኩ፦ «ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 ቮልት አይወሰድም። ሲለካ እያንዳንዱ ለየብቻው ይለካ።»