መጀመሪያ ጥይቱን መሞከር ነበረብኝ

ስህተቴን ከፊት ላስቀድም። የጠብመንጃዬን ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን ቀየርኩት። በርሜሉን፣ ምላጩን፣ ሰደፉን፣ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ማሰሪያ፣ ሁሉንም። ማታ ገጣጥሜ ጨረስኩና በማግስቱ ተኩስ ሜዳ ወሰድኩት። በ50 ሜትር አምስት ጥይት ተኮስኩ። ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ምንም ሳልነካው በፊት ከነበረው በባሰ ተበታትነዋል። የትኛው ዕቃ እንዳበላሸው በምን ልወቅ? ሁሉም አዲስ ነው።

መሣሪያው ሩገር 10/22 ነው። ከ1964 ጀምሮ የሚመረት፣ ትንሿን 22 ጥይት የሚተኩስ፣ አንዴ ካቀባበላችሁት በኋላ ምላጩን በሳባችሁ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን በራሱ የሚያጎርስ። ሰው ሁሉ የሚነካካው ደግሞ በምክንያት ነው። በርሜሉ እንደ ብዙዎቹ በጥርስ ተጠምዝዞ የገባ ሳይሆን በአንዲት ማቀፊያና በሁለት ብሎን የተያዘ ስለሆነ፣ ባለሙያ ጋ ሳትሄዱ ቤት ቁጭ ብላችሁ ትፈቱታላችሁ። ምላጩም ሁለት ፒን ስታወጡ ከነሙሉ ክፍሉ ይወርዳል። እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ቅለቱ ነው፤ በቀላሉ ስለሚፈታ ፈታሁት። (ካዝናውን አውጥታችሁ፣ መዝጊያውን ከፍታችሁ፣ ውስጡን በዓይናችሁም በጣታችሁም ሳታረጋግጡ ግን ምንም እንዳትነኩ። የትኛውን ክፍል መቀየር እንደሚፈቀድም ሕጉ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ እዩ።)

ጥፋተኛው በኋላ ሲገኝ አንድ ብሎን ሆነ። ሰደፉን ከመሣሪያው አካል ጋር የሚይዘው ብሎን አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም በደንብ አላጠበቅኩትም። በተኮስኩ ቁጥር አካሉ እንጨቱ ላይ ትንሽ ትንሽ ይንሸራተታል። ያን ሁሉ ገንዘብ አውጥቼ!

ተናደድኩና ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩት። ከዚያ አንድ በአንድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ጥይት። የ22 ጥይትን መርፌው የሚመታው ቀለሁን መሃሉ ላይ ሳይሆን ጠርዙ ላይ ነው፤ እሳቱን የሚያስነሳው ቅመም በዚያ ስስ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን ተቀምጧል። ስለዚህ ቀለሁ አንዴ ከተተኮሰ አለቀለት። እንደ ትልልቆቹ ጥይቶች ባሩዱን መዝናችሁ ቤት ውስጥ እንደገና ልሙላው አትሉም፣ ፋብሪካው የሰጣችሁን ነው የምትተኩሱት። ርካሹ ላይ ደግሞ የአንዱ ጥይት ፍጥነት ከሌላው ይለያያል። በሰከንድ 325 ሜትር ገደማ የሚወጣ ጥይት ውሰዱ። ከእሱ በሰከንድ በ10 ሜትር ብቻ የዘገየው በ50 ሜትር ርቀት 8 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። በዓለም አቀፉ የ50 ሜትር የጠብመንጃ ውድድር አስር ነጥብ የምታሰጠው የመሃሏ ክብ ስፋት በጠቅላላው 10.4 ሚሊሜትር ነው። እንግዲህ አስቡት፣ እጃችሁ ፍንክች ሳይል ጥይቱ ብቻውን ከክቡ ሊያወጣችሁ ነው፣ ይህን ደግሞ ምንም ውድ በርሜል አያድንም።

ስድስት ዓይነት ጥይት ገዛሁና ምንም ባልተቀየረው ጠብመንጃ ሞከርኩ። የባሰው 4.5 ሴንቲሜትር በተናቸው። ምርጡ 2.2። ያው መሣሪያ፣ ያው ሰው፣ ያው ቀን! አሸናፊው ከድምፅ ፍጥነት በታች የሚሄደው ዝግተኛ ጥይት ነበር። «ፈጣን» ተብለው የሚሸጡት ከድምፅ ቀድመው ይወጡና መንገድ ላይ ፍጥነታቸው ሲወርድ ያንን ድንበር ሲያቋርጡ ይንገጫገጫሉ። ጣሳ ለመምታት ምንም አይሉም፣ ለወረቀት ግን አልሆኑኝም።

ቀጥሎ ምላጭ። የፋብሪካውን በሚዛን ስስበው 2.6 ኪሎ ወጣ። ጠብመንጃው ራሱ 2.3 ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው! ከክብደቱ በላይ እየጎተታችሁት ዝም ብሎ እንዲቆምላችሁ ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። አዲሱ 1.2 ኪሎ ላይ ይለቃል፣ ሲለቅም ቅጭ ብሎ ነው እንጂ እየተጎተተ አይደለም። እውነቱን ለመናገር አዲስ ምላጭ ጠብመንጃውን አያሻሽለውም፣ የሚያሻሽለው እኔን ነው። ከረጢት ላይ አስደግፌ ስተኩስ ልዩነቱ ትንሽ ነበር። ተኝቼ በክንዴ ይዤ ስተኩስ ግን ሌላ ሰው ሆንኩ። ከዚህ በላይ ላቅልለው የሚል ሐሳብ መጥቶብኝ ነበር፣ ተውኩት። ሲነካ የሚተኩስ መሣሪያ አልፈልግም።

አዲሱን በርሜል መጨረሻ ላይ መልሼ ገጠምኩት። ወፍራም ነው፣ 23 ሚሊሜትር ገደማ፣ እና በድሮው ሰደፍ ቦይ ውስጥ አይገባም። አንድ ዕቃ ሌላውን ይጠራል የምለው ይሄንን ነው፤ በርሜል ስትገዙ ሰደፍም ገዛችሁ። ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ጠበብ ተደርጎ ስለተሠራ ጥይቱ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ጥቅሙ እሱ ነው፣ ጣጣውም እሱ ነው። ርካሹን ጥይት ሳጎርሰው አንዳንዱ አልገባም አለ፣ ሲቆሽሽም ቀለሁ ተቀርቅሮ ይቀራል። በጥሩው ጥይት ግን 2.2 የነበረው ወደ 1.4 ወረደ። የሰደፉን ብሎን በዚህ ጊዜ የማጥበቂያውን ኃይል በቁጥር በሚያሳይ መለኪያ ቁልፍ ነው ያጠበቅኩት፣ ቁጥሩንም ሰደፉ ላይ በእርሳስ ጽፌዋለሁ።

መዝጊያው ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያርፍበትን የብረት ፒን በፕላስቲክ መቀየርም አለ። ድምፁ ለስለስ ይላል። ወረቀቱ ላይ ምንም አላየሁም።

አሁን ያለኝ ችግር ሌላ ነው። ያ ጠብመንጃው የወደደው ጥይት በሳጥኑ ላይ የምርት ዙር ቁጥር አለው። ስሙ ያው፣ ቁጥሩ የተለየ ሌላ ሳጥን ገዝቼ ስሞክር 1.4 የነበረው 2 ሆነ። ከድሮው ቁጥር የቀረኝ ሦስት ሳጥን ነው። ለልምምድ ሌላውን እየተኮስኩ እነዚያን ቆጥቤአቸዋለሁ።