ቆጋ፣ ከግድቡ በታች ያለው ሒሳብ

ጥር 2013 ዓ.ም. ነው። በዳንግላ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ የያዘው ሚኒባስ ከባሕር ዳር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ መራዊ ላይ አወረደኝ። በጥር ሌላው አገር ውቂያ ላይ ነው፤ እዚህ ግን ስንዴው ገና ለምለም ነበር። ከከተማው ወጥቼ በባጃጅ ወደ ቆጋ ስሄድ በግራም በቀኝም አረንጓዴ ብቻ ነው የሚታየው።

ቆጋ የግልገል ዓባይ ገባር ወንዝ ነው፤ ግልገል ዓባይ ደግሞ ጣና ይገባል። ግድቡ የተሠራው ከአፍሪካ ልማት ባንክ በተገኘ ብድር ሲሆን የታሰበው 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያለማ ነው። የውጭ ድጋፍ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ስንዴ የጫነ መኪና ነው። እዚህ ድጋፉ በቦይ መልክ መጥቷል፤ ያውም ብድር ስለሆነ አገር ትከፍለዋለች።

አሠራሩን ቀርቤ ስመለከተው ወደድኩት። ዋናው ቦይ ቀንም ሌሊትም ይፈሳል፤ ገበሬው ግን ሌሊት አያጠጣም። ስለዚህ በየመስኖ ክፍሉ ሌሊት የሚመጣውን ውኃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ተሠርቷል። ማልዶ የውኃ አባቱ፣ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍለው ሰው፣ መጥቶ የብረቱን መዝጊያ ሲያነሣው፣ የሌሊቱ ውኃ ከቦይ ወደ ቦይ እየተከፋፈለ ከማሳው ይደርሳል። ተራ የደረሰው ገበሬ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ አንዱን ትልም በአፈር ይዘጋና ሌላውን በአካፋ ይከፍታል። ንግግር የለም፤ ዓይኑ ከውኃው አይነቀልም። ከላይ ያለው ሰው ጥቂት ካጓተተ ቦዩ ጫፍ ላይ ያለው ጦሙን ያድራልና ጠቡ ሁሉ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

ያልጠበቅሁት ባሕር ዛፉን ነው። ውኃ የሚደርሰው መሬት መሐል ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል። ከጥላው ሥር ያለው ስንዴ ቢጫ ሆኖ ቀጭጯል፤ ሠላሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ያለው ደግሞ ከጉልበቴ በላይ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የወጣበት ውኃ አጠገብ ማን ባሕር ዛፍ ይተክላል ብዬ፣ ባለቤቱን አንድ ሽማግሌ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ፣ ውኃው እያለ ለምን ድንች አይተክሉም?»

«ተክያለሁ እንጂ ልጄ» አሉኝ። «ዘር እገዛለሁ፣ ማዳበሪያ እገዛለሁ፣ መድኃኒት እረጫለሁ። ከዚያ ሁላችንም በአንድ ሳምንት ነቅለን እናወጣዋለን። ነጋዴው ያን ጊዜ የፈለገውን ዋጋ ይቆርጣል። አልሸጥም ብል ደግሞ ይበሰብስብኛል። ይኼ ዛፍ ግን ቆሞ ይጠብቀኛል። ልጅ ስድር እቆርጠዋለሁ፤ ጉቶው ተመልሶ ያቆጠቁጣል።»

ቆጋ ያለበት የሜጫ አካባቢ ባሕር ዛፍ አጣና ሆኖ ከተሞችን ያቆማል፤ ያን ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ድረስም ይሸጥ ነበር። በሽማግሌው ሒሳብ ላይ ስሕተት ፈልጌ አላገኘሁም። በዞርኩበት የመስኖ ክፍል ድንችም ሆነ ሽንኩርት የሚቆይበት አንድ መጋዘን አላየሁም። ውኃ ይዞ የመጣ ገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ምርቱን አቆይቶ የሚያወጣ ነገር አብሮ ካላመጣ፣ ገበሬው በራሱ መንገድ ያቆየዋል። የሽማግሌው መጋዘን ዛፉ ነው። ከከተማ የሚመጣ ባለሙያ «የግንዛቤ እጥረት» ብሎ ሲጽፈው ይገርመኛል።

መሬቱም ቢሆን ውኃ ብቻ አይበቃውም። ቀዩ አፈር አሲዳማ ነው፤ ኖራ ካልተነሰነሰበት የተጨመረለትን ማዳበሪያ በቅጡ አይመልስም። ኖራው ግን ከባድ ነው፤ ለአንድ ሄክታር በኩንታል እየተቆጠረ በብዙ ይፈለጋል፤ ማመላለሻው ራሱ ወጪ ነው።

ከሰዓት በኋላ ባሕር ዛፏን አስነቅላ አቮካዶ የተከለች ሴት ጋር ደረስኩ። ማስቆረጡ ሳይሆን ጉቶውን ማስወጣቱ ነው ያስቸገራት፤ ሁለት ጎረምሶች አሁንም በዶማና በመጥረቢያ አንድ ሥር ላይ ይታገሉ ነበር። ችግኙ ሃስ የሚባለው ወደ ውጭ የሚላከው ዝርያ ነው። ፍሬ እስኪይዝ ዓመታት ይወስዳልና በረድፎቹ መካከል ሽንኩርት ዘርታለች።

«ገዢው አውሮፓ ነው ይላሉ» አለችኝ። «ወንድሜ፣ አውሮፓዊው የሽንኩርቱ ነጋዴ እንዳደረገን ቢያደርገንስ? ሽንኩርቱን እንኳን ወጥ እሠራበታለሁ። ይህን ሁሉ አቮካዶ ማን ይበላልኛል?»

ጁስ ቤቶች አሉ ብዬ ልቀልድ አልኩና ተውኩት። እርሷ ግን ቀድማ አስባበታለች፤ በድንበሩ በኩል ሁለት ረድፍ ባሕር ዛፍ ሳታስነቅል አስቀርታለች። ጥላው የጎረቤቷ ስንዴ ላይ ስለሚያርፍ ጎረቤቷ ከሷታል፤ ጉዳዩን ሽማግሌዎች ይዘውታል።