ባዮስ ላይ 1.28፣ ጭነት ላይ 1.17

ትናንት ኦቨርክሎክ ያደረግሁት፣ ማለትም ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይ እንዲሠራ ያደረግሁት ፕሮሰሰሬ ስድስቱም ኮሮች (የውስጥ ማስሊያ ክፍሎቹ) በ4.8 ጊጋኸርዝ እየሠሩ ሌሊቱን ሙሉ አደረ። ጠዋት ስክሪኑን ሳበራ ፕሮሰሰሩን በከባድ ስሌት የሚፈትነው ፕሮግራም፣ ፕራይም95፣ ሥራውን ቀጥሏል። አንድም ስህተት የለም። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር ስለሆነ ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም።

ያለኝ ኢንቴል ኮር አይ5-9600ኬ ነው፣ ዜድ390 ማዘርቦርድ ላይ የተገጠመ፣ ከላዩ ባለ ሁለት ፋን ትልቅ የአየር ማቀዝቀዣ ያለው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኬ» ማባዣው (የመነሻው ፍጥነት የሚባዛበት ቁጥር) ክፍት ነው፣ መቀየር ይቻላል ማለት ናት። ነገሩ ቀላል ሒሳብ ነው፦ 100 ሜጋኸርዝ ሲባዛ በ48፣ 4.8 ጊጋኸርዝ። ከፋብሪካ ሲወጣ አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ እስከ 4.6 ይደርሳል፣ ስድስቱም ሲሠሩ ግን 4.3 ላይ ይቆማል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በአጭሩ ልለፋቸው። አቧራ አጸዳሁ፣ ተርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ) ቀየርኩ፣ ምንም ሳልነካ ሙቀቱን ለካሁ። የራሙን ኤክስኤምፒ (ራሙን ከመደበኛው በላይ የሚያፈጥነውን ቅንብር) አጠፋሁ። ኮምፒውተሩ ቢዘጋ ጥፋቱ የራሙ ይሁን የፕሮሰሰሩ እንዳልደናገር ነው። ከዚያ ማባዣውን አንድ አንድ እያልኩ ከፍ አደረግሁ። እስከ 46 ድረስ ምንም ችግር አልገጠመኝም።

48 ላይ ግን ሰማያዊ ስክሪን መጣ፣ ዊንዶውስ ከባድ ስህተት ገጥሞት ሲዘጋ የሚያሳየው።

ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ቅንብር ውስጥ) የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ 1.28 ብዬ ሞልቼ ነበር። በቂ ይመስለኝ ስለነበር ችግሩን ሌላ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ። ዊንዶውስ አዘመንኩ፣ ድራይቨር ቀየርኩ፣ ኬብል ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። አራት ቀን ሙሉ በከንቱ ደከምኩ። አንድ ማታ ሙቀትና ቮልቴጅ የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ኤችደብልዩኢንፎን፣ ከፍቼ ዓይኔን ቪኮር (የኮሮቹ ቮልቴጅ) የሚለው መስመር ላይ ተከልኩ። ኮምፒውተሩ ሥራ ፈት ሲሆን 1.28 ይላል። ፕራይም95ን ስጀምረው ቁጥሩ ወረደ፦ 1.22፣ 1.19፣ 1.17። እዚያው ዓይኔ እያየ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ።

ለካ እኔ የሞላሁት ቁጥርና ፕሮሰሰሩ ጋ የሚደርሰው ቁጥር አንድ አይደሉም። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቧንቧዎች ሁሉ አንዴ ሲከፈቱ የውሃው ግፊት እንደሚቀንስ፣ ስድስቱ ኮሮች አንድ ላይ ከፍተኛ ኃይል ሲስቡ ቮልቴጁም ይወርዳል። ይህ ቪድሩፕ ይባላል። ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ጭነቱ በድንገት ሲቆም ቮልቴጁ ለቅጽበት ወደ ላይ ይዘላል። ቀድሞ ዝቅ ብሎ ከነበረ ዝላዩ ፕሮሰሰሩን አይጎዳም።

ይህን መውረድ የሚያርመው ባዮስ ውስጥ ሎድ ላይን ካሊብሬሽን የሚባለው ማስተካከያ ነው። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነበርና በቀጥታ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አደረግሁት። ቮልቴጁ ሥራ ፈት ሲሆንም ሲጫንም 1.28 ላይ ቀጥ አለ። ደስ አለኝ። ሙቀቱ 89 ዲግሪ ቢደርስም ፈተናውን አራት ሰዓት አለፈ። በቃ ጨረስኩ ብዬ ፈተናውን ስዘጋው ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። አይጡም አይንቀሳቀስም። በማግስቱ ብራውዘር ስከፍት እንደገና ያው።

ከባዱን ፈተና ያለፈ ፕሮሰሰር ብራውዘር ሲከፈት ለምን ይወድቃል? ሚስጥሩ መሸጋገሪያው ላይ ነው። ማስተካከያው ሲበዛ ቮልቴጁ በተረጋጋ ጭነት ላይ ያምራል፣ ጭነቱ ሲመጣና ሲሄድ ግን ለቅጽበት ይዘቅጣል ወይም ይዘላል። ኤችደብልዩኢንፎ ካልቀየሩት በየሁለት ሰከንዱ ነው የሚያነበው። ይህች ቅጽበት ከዚያ እጅግ አጭር ስለሆነች ፈጽሞ አትታይም።

ስለዚህ መፈተኛ ዘዴዬን ለወጥኩ። ፕራይም95ን ለሰዓታት ከመተው በፊት ሃያ ጊዜ ያህል አስነሳዋለሁ፣ አቆመዋለሁ። አስር ሰከንድ ሥራ፣ አስር ሰከንድ እረፍት። የመጨረሻው ደረጃ በሰባተኛው ላይ ወደቀ። መካከለኛው ደረጃ ሃያውንም አለፈ። አሁን ባዮስ ላይ 1.30 ሞልቻለሁ፣ ጭነት ላይ 1.24 ይደርሳል፣ ሙቀቱ ከ80 አያልፍም። ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነት የሚቀንሰው 100 ላይ ነው፣ እኔ ግን ለራሴ 85ን ወሰን አድርጌያለሁ። የደረጃዎቹን አቆጣጠር ግን ተጠንቀቁ። በአንዳንዱ ማዘርቦርድ 1 ደካማው ነው፣ በሌላው 1 ኃይለኛው። መመሪያውን ሳታነቡ የሌላ ሰው ቁጥር አትገልብጡ።

ቮልቴጁን አውቶ ላይ መተው ለጀማሪ ይሻላል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። የኔው ማዘርቦርድ አውቶ ላይ ሳደርገው ለዚሁ 4.8 እስከ 1.38 ሰጥቶታል። 1.24 የሚበቃውን ፕሮሰሰር በ1.38 ማቃጠል ደህንነት አይደለም። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ኦቨርክሎክ ማድረግንም ለዚሁ ስል አልወደውም።

ከዕቃዬ ሁሉ የምወደው ደብተሬን ነው። ማባዣ፣ ባዮስ ላይ ያለው ቮልት፣ ጭነት ላይ ያለው ቮልት፣ ሙቀት፣ ውጤት። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር፣ ከዚያ መጻፍ። ይህን የጀመርኩት ግን በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ነገር አንድ ላይ እየቀየርኩ ስለነበር የመጀመሪያው ሳምንት ልፋቴ ምንም አላስተማረኝም።

አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ባክአፕ ሳልይዝ ነው የጀመርኩት። ፕሮሰሰሩ ገና ባልተረጋጋበት ሰሞን የቤተሰብ ፎቶዎችን አንድ ዚፕ ፋይል ውስጥ ጨምቄ ዋናዎቹን አጠፋሁ። ስመለስ ፋይሉ ተበላሽቷል፣ አይከፈትም። ሰማያዊ ስክሪን እንኳን አልመጣም ነበር። ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ሳይዘጋ በዝምታም ይሳሳታል። ዊንዶውስ ኢቨንት ቪውወር (የዊንዶውስ የክስተቶች መዝገብ) ውስጥ ዊያ ሎገር የሚል የሃርድዌር ስህተት ማስጠንቀቂያ ካያችሁ፣ ኮምፒውተሩ ደህና ቢመስልም ደህና አይደለም።

ሰው ሁሉ 5.0 ለምን አልሞከርክም ይለኛል። ሞክሬያለሁ። ባዮሱ አልነሳም ብሎ ሲኤምኦኤስ ክሊር ካደረግሁ (የባዮሱን ቅንብር ወደ ፋብሪካው ከመለስኩ) በኋላ፣ ጭነት ላይ 1.34 ስሰጠው ተረጋጋ። ሙቀቱ ግን 97 ገባ። ፕሮሰሰሩ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር፣ ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ደግሞ ይበልጥ ይጨምራል። ከ1.24 ወደ 1.34፣ ከ4.8 ወደ 5.0 ስንሄድ ኃይሉ 22 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን 4 በመቶ ብቻ። ለኔ አያዋጣም።

4.9 ግን አሁንም ያጓጓኛል። ጭነት ላይ 1.27 ስሰጠው በአስራ አራተኛው ማስነሳት ላይ ወደቀ፣ 1.28 ገና አልሞከርኩም። ይህን ፕሮሰሰር በ4.9 የምታሠሩ ካላችሁ ቁጥራችሁን ጻፉልኝ። ባዮስ ላይ የሞላችሁትን ሳይሆን ጭነት ላይ የምታነቡትን።