«ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም» ያለው ማን ነው?

ስታዲየምና አምባሳደር አካባቢ ባሉ ትንንሽ ሱቆች ከባንኮኒው በላይ ከሚለጠፉት ጥቅሶች አንዱ ኢዮብ 8፥7 ነው፤ «ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል»። ሱቅ ሲከፈት በስጦታ ይመጣል፤ ልጅ ሲመረቅ ካርድ ላይ ይጻፋል። ለጀማሪ ደስ የሚል ቃል ነው። የተናገረው ግን እግዚአብሔር አይደለም፤ ኢዮብም አይደለም። ከኢዮብ ወዳጆች አንዱ፣ ሹሐዊው በልዳዶስ ነው፤ ያውም ሊያጽናና መጥቶ ሲከስስ።

ምዕራፉ በሙሉ 22 ቁጥር ነው። ቁጥር 4 ላይ በልዳዶስ አሥር ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣ አባት «ልጆችህ የጠፉት በበደላቸው ነው» የሚል ነገር ይነግረዋል። ቁጥር 5 እና 6 ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፦ እግዚአብሔርን ብትለምን፣ ንጹሕና ቅን ብትሆን። ቁጥር 7 የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ጥቅሱን ነጥሎ የሚወስድ ሰው ይህን ስሌት ሳያውቀው አብሮ ይወስደዋል። ኪራይ ጨምሮ ገበያ ሲቀዘቅዝ «ምን በድዬ ይሆን?» እያለ ራሱን መመርመር ይጀምራል፤ ሊጠይቁት የሚመጡትም ያንኑ በለሆሳስ ይሉታል።

«ከጥቅሱ በላይና በታች አሥር አሥር ቁጥር አንብብ» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ግማሽ መንገድ ብቻ ያደርሳል። በልዳዶስ ላይ የተሰጠው ፍርድ ያለው ከ34 ምዕራፍ በኋላ፣ 42፥7 ላይ ነው። እግዚአብሔር ለሌላው ወዳጅ ለኤልፋዝ «አንተና ሁለቱ ባልንጀሮችህ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ይለዋል፤ ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው ያዛል። ስለዚህ ከኢዮብ መጽሐፍ ጥቅስ የሚወስድ፣ ጊዜም ያጠረው ሰው ቢያንስ ምዕራፍ 1ን፣ 2ን፣ ጥቅሱ ያለበትን ምዕራፍና 42ን ማንበብ አለበት። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ እስኪደርስ ታክሲ ውስጥ ያልቃል።

ታዲያ ጥቅሱ ከግድግዳው ይነቀል? እንደሱ አልልም። ጳውሎስ 1ኛ ቆሮንቶስ 3፥19 ላይ የሚጠቅሰው ኢዮብ 5፥13ን፣ ማለትም የኤልፋዝን ቃል ነው። ወዳጆቹ ያሉትን በጅምላ መጣልም ያው ችኮላ ነው። ደግሞስ ኢዮብ መጀመሪያ 7,000 በጎችና 3,000 ግመሎች ነበሩት፤ መጨረሻ ላይ 14,000 እና 6,000 ሆኑለት። በልዳዶስ ያለው ደረሰ፤ የሰጠው ምክንያት ግን ወደቀ። እኔ ከዚህ መጽሐፍ ለኑሮ የሚሆን አንድ ነገር ምረጥ ብባል 2፥13ን እመርጣለሁ። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንድ ቃል ሳይተነፍሱ አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ካደረጉት ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። ልቅሶ ቤት ገብቶ «እግዚአብሔር ይህን ያደረገው እኮ…» ብሎ ለሚጀምር ሰው ይጠቅማል።

ሁሉም መጽሐፍ እንዲህ አያደክምም። በመጽሐፈ ምሳሌ ከምዕራፍ 10 ጀምሮ ያሉት ምሳሌዎች ብዙዎቹ በአንድ ቁጥር የቆሙ ናቸው፤ ለነጋዴ ጥቅስ ከተፈለገ 11፥1 ስለ አባይ ሚዛን የሚለው አለ (እሱን የሚሰቅል ግን ጥቂት ይመስለኛል)። መልእክቶች ደግሞ እንደ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ይነበባሉ። ፊልጵስዩስ 104 ቁጥር ብቻ ነው። 4፥13ን፣ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ» የሚለውን፣ ለፈተናና ለውድድር የሚጠቅስ ሰው ቁጥር 11 እና 12ን ቢያይ ጳውሎስ የሚናገረው ስለ መራብና ስለ መጥገብ፣ ስለ ማጣትና ስለ መብዛት፣ ያውም ታስሮ ሳለ እንደሆነ ያገኘዋል።

ኤርምያስ 29፥11 ላይ፣ እግዚአብሔር ለሕዝቡ የሚያስበው የሰላም አሳብ እንደሆነና ፍጻሜና ተስፋ እንደሚሰጣቸው በሚናገረው ጥቅስ ላይ፣ ትንሽ ልቆይ፤ ዲቪ የሞላና ኤምባሲ ቀጠሮ የያዘ ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አለና። ቃሉ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት የተላከ ደብዳቤ ውስጥ ያለ ነው። ከአንድ ቁጥር በፊት የተቆረጠው ጊዜ 70 ዓመት ነው፤ ደብዳቤውን በጉልምስና የሰሙት አብዛኞቹ መመለሱን አያዩም። ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ በሁለት ዓመት ነገሩ ያልቃል ብሎ ነበር። ሕዝቡ ሊሰማ የፈለገው እሱን ሳይሆን አይቀርም፤ ኤርምያስ ግን ሐሰት መሆኑን ነገረው፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት ሞተ። እንግዲህ ቁጥር 11 የተጻፈው «አሁን ትወጣላችሁ» የሚለውን ተስፋ ለመቃወም ነው። እስከዚያው ምን ይደረግ ለሚለው መልሱ ከቁጥር 5 እስከ 7 ነው፦ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ተክሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ያላችሁባትን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላትም።

«ፕሮሰስ ላይ ነኝ» እያለ ትዳሩን፣ ትምህርቱንና እድሩን ለሚያቆይ ሰው ቁጥር 11 ብቻውን ከተላከለት መጠበቁን ያጸድቅለታል። አምስቱ፣ ስድስቱና ሰባቱ አብረው ከተላኩ ግን እድሩን ዘንድሮ፣ እዚሁ ሠፈሩ ይገባል፤ ኮርሱንም ይመዘገባል። ቪዛው ከመጣም ይምጣ።