የዱቤ ደብተሬ መልክ ያዘ

ሰሞኑን ማታ ሱቅ ስዘጋ ደብተሩ ላይ የቀረው ብርና ሳጥን ውስጥ ያለው ብር እየገጠሙልኝ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ገጠር ቀበሌ ውስጥ ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳርና ዘይት ለሚቸረችር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍላችሁ።

የመጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም የገንዘብ ደብተሩ፣ ቶሎ ይለመዳል፦ በስንት ከፈትኩ፣ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ። በ1,200 ብር ከፍቼ፣ እጅ በእጅ 2,350 ሸጬ፣ ከዱቤ 400 ተከፍሎኝ፣ ለመኪና 150፣ ለቤት አስቤዛ 200 ካወጣሁ ሳጥኑ ውስጥ 3,600 ብር መገኘት አለበት። በቴሌብር የገባው ለብቻው ይጻፋል።

ያስቸገረኝ ዱቤው ነው። የእኛ አገር ገበሬ ብር የሚይዘው ጤፉ ተወቅቶ ገበያ ሲወጣ ነው። ክረምት ከገባ ስኳሩም፣ የእንቁጣጣሽ ዘይቱም፣ የልጆቹ ደብተርም በዱቤ ይሄዳል፤ የሚመለሰው ጥር ላይ ነው። ታዲያ ሽያጭ የሚባለው ዕቃው የወጣ ቀን ነው ወይስ ብሩ የገባ ቀን? ሁለቱም ቀን ሽያጭ ተብሎ ከተጻፈ ያው አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና የሌለ ትርፍ ይታያል። አሁን ዕቃው ሲወጣ በዱቤ ደብተሩ ሽያጭ ብዬ እይዘዋለሁ፤ ሲከፈለኝ ገንዘብ ደብተሩ ላይ «ከዱቤ የተሰበሰበ» በሚለው ሥር ብቻ ይገባል። የወሩ ሽያጭ እጅ በእጅ የተሸጠውና በዱቤ የወጣው ድምር ነው፤ የተሰበሰበው አይደመርበትም።

ዱቤውን በቀን ተራ መጻፍ አይረባም። ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙና ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ስጡ። ብሩን ብቻ ሳይሆን ዕቃውንም ጻፉ። አንዲት ደንበኛዬ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰባተኛ ክፍል የምትማር ልጃቸው «ነሐሴ 12፣ ስኳር 2 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር» እያለች ጮክ ብላ ታነብላቸዋለች። እሳቸው ቀኑን በበዓሉ አስታውሰው «ልክ ነው» ይላሉ። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን ክርክር የለም። የስልክ መተግበሪያን የማልመክረው ለዚህ ነው፤ ተበዳሪው የራሱን ገጽ በዓይኑ ማየት አለበት። ገጠር መጥተው የሒሳብ አያያዝ ሥልጠናውን በዴቢትና ክሬዲት፣ ማለትም እያንዳንዱን ሒሳብ በሁለት ወገን በመመዝገብ፣ የሚጀምሩትንም አልደግፍም። መጀመሪያ ሳጥኑ ይግጠም፣ ሌላው ይደርሳል።

ያልፈታሁት የዋጋውን ነገር ነው። ነሐሴ ላይ የሰጠሁት ስኳር ጥር ላይ ሲከፈለኝ በዚያው ብር ያንኑ ያህል መልሼ መግዛት ያቅተኛል። ጨምሬ እንዳልጽፍ ጎረቤቴ ነው፤ እንዳልከለክል ደግሞ ቤቱ በሽተኛ ይዞ ደጄ የቆመን ሰው ባዶ እጁን መመለስ አይሆንልኝም። ለጊዜው መስከረም ላይ ዕቃ የማመጣበትን ብር አስቀድሜ አስልቼ፣ በተረፈው ልክ ለየቤቱ የዱቤ ገደብ አውጥቼ ገጹ አናት ላይ ጽፌያለሁ። ከእናንተ መካከል የዋጋውን ጭማሪ ደንበኛ ሳያስቀይም የያዘ ካለ አሠራሩን ይጻፍልኝ።