ሽማግሌ መስለውኝ ነበር

ከዋናው ተቋራጭ ጋር በተዋዋልነው ውል ላይ አንዲት መስመር ነበረች፦ «አለመግባባት ቢነሳ በሽማግሌዎች ይታያል፤ ውሳኔያቸውም የመጨረሻ ይሆናል።» ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። ፍርድ ቤት ከመመላለስ ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል ብዬ ነው።

የወሰድነው የአንድ ሕንፃ የአራተኛ ፎቅ ሴራሚክ ማንጠፍ ነበር። አንጥፈን ስንጨርስ ባለቤቱ ቀለሙን ጠላው። የዋናው ተቋራጭ ፕሮጀክት ማናጀር መጣና «አንሱትና በአዲስ ቀይሩት። የተጨማሪ ሥራ ትዕዛዙን እኔ አጽፋለሁ» አለኝ። አመንኩት። 18 ቀን ፈጀብን። ትዕዛዙ አልተጻፈም። ክፍያ ስጠይቅ «ውሉ ውስጥ የለም» ተባልኩ።

ከሰስኩ። እነሱ ያችን መስመር ይዘው ተቃወሙ። ፍርድ ቤቱ መዝገቡን ዘጋና ወደ ግልግል መራን። አንድ እኔ፣ አንድ እነሱ መረጥን፤ ሁለቱ ደግሞ ጡረታ የወጡ ዳኛ ሰብሳቢ አድርገው ሰየሙ።

የመጀመሪያ ቀን የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩ። ሠራተኞቼን ከኪሴ እንደከፈልኩም ጭምር። ሰብሳቢው እስክጨርስ ዝም ብለው ሰሙኝ።

«ትዕዛዙ በጽሑፍ አለ?»

«የለም። ግን ያዘዘኝ ሰው ይኸው ተቀምጧል፣ ይጠየቅ።»

ተጠየቀ። ወደ እኔ ሳያይ «አላስታውስም» አለ።

ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ሽማግሌ እኮ ናችሁ! ሽማግሌ እውነቱን አያወጣጣም?»

«ልጄ» አሉኝ፣ በጣም በቀስታ፣ «ልናስታርቃችሁ አልተቀመጥንም። የቀረበልንን ማስረጃ አይተን ልንፈርድ ነው።»

ያች ቃል እስከ ዛሬ አልወጣችልኝም። እሳቸው ትክክል ነበሩ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 እርቅንና ግልግል ዳኝነትን ለይቶ ነው ያስቀመጠው። አስታራቂ ያግባባል፤ የግልግል ዳኛ ይፈርዳል፣ ፍርዱም እንደ ፍርድ ቤት ፍርድ ይፈጸማል። ታዲያ ውል የምታረቅቁ ሰዎች፣ ለምን ሁለቱንም «ሽማግሌ» ትሉታላችሁ? እኔን የመሰለ ሰው ሽማግሌ ሲባል የሚታየው ሰፈሩ ያሉት አባቶች ናቸው። ወረቀት ይዞ አይሄድም።

ትንሽ ያተረፈኝ የፎርማኔ ደብተር ነው። ጠርዙ በሲሚንቶ የደረቀ፣ ባለ ካሬ ደብተር። በየቀኑ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት ካሬ እንደተነጠፈ ጽፎበታል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ገጽ በገጽ አገላበጡት። በሰባቱ ገጾች ላይ የማናጀሩ ፊርማ ነበር።

የሰባት ቀን ክፍያ ተፈረደልኝ።

«ይግባኝስ?» አልኩት ጠበቃዬን። «ውሉ ላይ ይግባኝ እንዲኖር ካልተስማማችሁ የለም። ሰበር ሰሚ ችሎት የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተት ነው፤ ያንተ የፍሬ ነገር፣ ማለትም ምን ተደረገ ምን አልተደረገም የሚል ጉዳይ ነው።»

ደብተሩን ለፎርማኔ መለስኩለት። ያልተፈረሙትን ገጾች አንድ በአንድ ገለጠ።

«በእነዚህም ቀናት እኮ ፈርሙልኝ ብያቸው ነበር» አለ። «ነገ እያሉኝ ነው።»