የስፒከሯ ማግኔትና የቆርኪ ዳማ

ደብረ ማርቆስ ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ የእህቴ ልጅ የተበላሸ ስፒከር ፈታቶ፣ ጥቁሯን ክብ ማግኔት አሸዋ ላይ እየጎተተ የብረት ብናኝ ሲለቅም አገኘሁት፣ ያው ሁላችንም ያደግንበት ጨዋታ ነው። «አጎቴ ግን እዚህ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አለኝ። «እያንዳንዱ አተም ትንሽዬ ማግኔት ነው፣ ሁሉም ወደ አንድ ዞሯል» ብዬ ተገላገልኩ። ፊዚክስ ተምሬ እንዲህ ማለቴ ግን ማታ ሲከነክነኝ አደረ።

ምክንያቱም አተሞቹ በማግኔትነታቸው ብቻ ቢሳሳቡ ኖሮ ጉልበቱ በጣም ደካማ ስለሆነ የቤት ሙቀት ራሱ ይበታትናቸው ነበር፣ ያቺ ማግኔት ግን 400 ዲግሪ ሴልሺየስ ብትሞቅም ማግኔትነቷ አይጠፋም። የሚያሰልፋቸው ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ደርሶ መልስ እለዋለሁ።

በማግስቱ ዳማ አወጣንና በቆርኪ አሳየሁት፣ መቼም እኛ ጋ ዳማ በቆርኪ ነው፣ የአንዱ በፊቱ የሌላው በጀርባው። በየቤቱ አንድ አንድ አስቀመጥን፣ ቤቱ አተም ነው፣ ቆርኪው ኤሌክትሮን፣ ፊትና ጀርባው ደግሞ ስፒን የሚባለው የማግኔትነቱ አቅጣጫ። አንዱ ቆርኪ ጎረቤቱ ቤት ለቅጽበት ገብቶ ይመለሳል፣ ሁለት ሆኖ መቀመጥ ስለሚያጣላ አይቆይም። ሁለቱም በአንድ ፊት ከሆኑ ግን ጭራሽ መግባት የለም፣ ስፒናቸው አንድ የሆነ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ቤት አይገቡም የሚለው የፓውሊ ህግ ይከለክላል። ደርሶ መልሷ ደግሞ ኢነርጂ ትቀንሳለች፣ ስለዚህ ጎረቤታሞች አንዱ በፊቱ አንዱ በጀርባው መሆን ይመርጣሉ። በቃ ይሄው ነው፣ ማንም ማንንም አልሳበም።

ደግሞ በአይን ታይቷል እኮ! ሌዘር ከመስታወት ተመልሶ ከራሱ ጋር ሲደራረብ ብርሃኑ እንደ ዳማ ሰሌዳ ይደረደራል፣ ከቤት ቤት ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ፣ ማለትም ጠጣር ነገር ውስጥ በአተሞች መሀል ካለው ርቀት ከሺህ እጥፍ በላይ። እ.ኤ.አ. በ2002 ሙኒክ ላይ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ እነ ኢማኑኤል ብሎክና ማርኩስ ግራይነር የሩቢዲየም አተሞችን በየቤታቸው አስቀመጡ፣ በ2017 ደግሞ የግራይነር ቡድን ሃርቫርድ ላይ 80 ገደማ ቤት ባለው ሰሌዳ ላይ ሊትየም 6 የሚባሉ አተሞችን በቆርኪው ፋንታ አስቀምጦ፣ የአንደኛውን ስፒን አተሞች በሌዘር ጠርጎ የቀሩትን በማይክሮስኮፕ ፎቶ አነሳ። እዚህም እዚያም የተሳሳተ ቤት አለ እንጂ አንዱ ሙሉ አንዱ ባዶ፣ ዳማው ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ቤቶቹ ስለተራራቁ ደርሶ መልሷ እጅግ ስስ ናት፣ እሷን ላለማጥፋት ከፍጹም ዜሮ በላይ በዲግሪ ቢሊዮንኛ የሚቆጠር ቅዝቃዜ ያስፈልጋል፣ የጮቄ ውርጭ እዚያ ቢገባ እቶን ነው የሚባለው።

ጥቁሯ የስፒከር ማግኔትም ፌራይት የሚባል ብረትና ኦክስጅን ያለበት ሴራሚክ ናት፣ የብረት አተሞቿ በመሀላቸው ባለው ኦክስጅን በኩል ነው ደርሶ መልስ የሚሉት፣ ከየ12ቱ 8ቱ ወደ ላይ 4ቱ ወደ ታች ናቸው፣ የብረት ብናኙን የሚለቅመው የሁለቱ ልዩነት ነው። ይህን ስነግረው ልጁ 12 ቆርኪ ደረደረ፣ 4ቱን ገለበጠ፣ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ታዲያ ትናንት ሁሉም ወደ አንድ ዞሯል ያልከኝስ?»